የኤልደር አበባ ሽሮፕ፦ ከከተማው ዛፍ እስከ ጠርሙሱ

የኤልደር አበባ ሽሮፕ በቀዝቃዛ ውሃ ተበርዞ የሚጠጣ፣ ማርና ሎሚ የሚሸት ጣፋጭ ነው። የሚገባበት ነገር ጥቂት ነው፣ እሳት ላይም ብዙ አይቆይም። ግን ከአንድ ዛፍ ዛሬ የተለቀመው ግሩም ሽሮፕ ሲወጣው፣ ከሦስት ቀን በኋላ የተለቀመው ሣር ሣር ሊል ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአበባው ቢጫ ብናኝ ነው። መዓዛው ያለው እዚያ ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሙቀት ያበነዋል፣ የፈላ ውሃ ያበላሸዋል። መቼ እንደሚለቀም፣ ለምን እንደማይታጠብ፣ አበባው ከመጨመሩ በፊት ሽሮፑ ለምን እንደሚበርድ፣ ሁሉም የሚመለሰው ወደዚሁ ብናኝ ነው።

ዛፉን ማወቅ

ኤልደር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳምቡከስ ኒግራ፣ ከቁጥቋጦ የሚበልጥ ከትልቅ ዛፍ የሚያንስ ተክል ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ስለሚበትኑት ማንም ሳይተክለው በከተማ ውስጥ ይበቅላል፤ በቦይ ዳር፣ በመናፈሻ ጠርዝ፣ በአሮጌ መቃብር ቦታ አጥር ሥር፣ ፍርስራሽ በተደፋበት ባዶ ቦታ። ናይትሮጅን የበዛበት አፈር ስለሚወድ ሳማ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት አካባቢ መፈለግ ያዋጣል።

ለመለየት አንድ ምልክት አይበቃም፤ የሚከተሉት ሁሉ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ግንዱ እንጨት ነው፣ የአሮጌው ቅርፊት ደግሞ እንደ ቡሽ የለሰለሰና በጥልቅ የተሰነጣጠቀ። በአንድ የቅጠል ዘንግ ላይ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 7 ትናንሽ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይደረደራሉ፣ አንዷ ጫፉ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ሲታሹም ደስ የማይል ሽታ አላቸው። ቀጭን ቅርንጫፍ ሲሰበር ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ የላላ ነው። አበባው እንደ ሳህን የተዘረጋ፣ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ዘለላ ሲሆን፣ የዘለላው ዘንግ መጀመሪያ ወደ 5 ዋና ቅርንጫፎች ይከፈላል። ዘለላውን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡት፦ እያንዳንዷ አበባ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 5 ክሬም መልክ ያላቸው መልካበባዎች፣ በመካከላቸውም 5 ቀጫጭን ክሮች አሏት፤ በክሮቹ ጫፍ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ።

የሚያሳስቱ ተክሎች አሉ፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ሄምሎክ ነው፤ ይገድላል። እሱና ሌሎቹ የካሮት ወገኖች ነጭ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ቢኖራቸውም እንጨት የላቸውም፤ ከመሬት በቀጥታ የሚወጣ ለስላሳና ውስጡ ባዶ አገዳ ነው ያላቸው፣ የሄምሎክ አገዳ ደግሞ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው። ስለዚህ አበባው ከእንጨት ቅርንጫፍ ላይ መውጣቱን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ድንኩ ኤልደር፣ ሳምቡከስ ኢቡለስ፣ የኤልደር ዘመድ ቢሆንም መርዛም ነው፤ በየዓመቱ ከመሬት የሚወጣ አገዳ እንጂ ግንድ የለውም፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፣ በአበባው ክሮች ጫፍ ላይ ያለውም ቢጫ ሳይሆን ሐምራዊ ነው። አበባው ተዘርግቶ ሳይሆን እንደ እንቁላል ሾጠጥ ብሎ ካያችሁትም ተዉት፤ እሱ ቀይ ፍሬ የሚያፈራው ኤልደር ነው።

የኤልደር ቅጠል፣ ቅርፊት፣ ወፍራም ዘንግና ያልበሰለ ፍሬ ሳምቡኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ይህ በሰውነት ውስጥ ሳያናይድ ይለቃል፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ዘንጉን የምናስወግደው ለጣዕም ብቻ አይደለም።

የት፣ መቼ፣ እንዴት

አበባው አይታጠብም። ስለዚህ በላዩ ያረፈ አቧራ ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ቦታ መምረጥ በከተማ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ የሚሆነውም ለዚህ ነው። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። የባቡር ሐዲድ ዳር ብዙውን ጊዜ አረም ማጥፊያ ስለሚረጭበት፣ የተዘጋ ፋብሪካ ወይም የነዳጅ ማደያ ግቢ ደግሞ አፈሩ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል ይለፋችሁ። ከወገብ በታች ያለውን አትንኩ፤ ውሾች ይደርሱበታል። የግል ግቢ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ፤ መናፈሻ ከሆነ ደንቡን አስቀድማችሁ እዩ፣ መልቀም የሚከለክሉ አሉና።

በአብዛኛው አውሮፓ ኤልደር የሚያብበው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። የከተማ አየር ከገጠሩ ስለሚሞቅ መሀል ከተማ ያለው ጥቂት ቀን ይቀድማል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ይዘገያል። ይህ ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ዛፍ ካመለጣችሁ ጥላ ውስጥ ያለው ይጠብቃችኋል።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ደረቅ ቀናት እስኪያልፉ ጠብቁ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በረፋዱ ሂዱ። አብዛኛው አበባ የፈነዳበትን፣ ጥቂት እምቡጥ ገና የቀረበትን ዘለላ ምረጡ። መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ስታራግፉት ቢጫ ዱቄት ከተወ ደርሷል። ዱቄት ሳይሆን ነጫጭ አበባዎቹ ራሳቸው ከረገፉ አልፎበታል። ወደ ቡናማ የሄደ አበባ አንድ ዘለላ እንኳ ድስቱን ሙሉ ያበላሸዋል።

እያንዳንዱን ዘለላ አሽትቱ፤ ይህን አትዝለሉ። የአንዱ ዛፍ ሽታ ከሌላው በእጅጉ ይለያል። ማር፣ ሎሚ ወይም የበሰለ ወይን የሚሸተውን ቁረጡ፤ የድመት ሽንት የሚሸተውን ተዉት፤ ስኳርና ሎሚ አይሸፍኑትም። ያረጀ አበባም ወደዚያው ሽታ ይሄዳል።

ዘለላውን ዘንጉ መከፋፈል ከሚጀምርበት በታች በመቀስ ቁረጡ። የኤልደር እንጨት በቀላሉ ስለሚሰበር ቅርንጫፉን ጎትታችሁ አታጥፉት። ከአንድ ዛፍ ላይ ከአምስት ዘለላ አንድ በቂ ነው፤ የተቆረጠ አበባ ፍሬ አይሆንም፣ ፍሬውን ደግሞ ወፎች ይፈልጉታል። ዘንጉ በጥቃቅን ጥቁር ክሽክሽ የተሞላ ከሆነ እለፉት። አያያዙ በቅርጫት ወይም በወረቀት ከረጢት ይሁን፤ ፌስታል ውስጥ አበባው ያልበዋል፣ ይሞቃል፣ ቤት ሳይደርስ ይጠቁራል። ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ሥራውን ጀምሩ።

የሚያስፈልገው

መዳፍ የሚያህሉ ከ25 እስከ 30 ዘለላዎች
1.5 ሊትር ውሃ
1.5 ኪሎ ነጭ ስኳር
3 ቢጫ ሎሚ
50 ግራም ሲትሪክ አሲድ

ከዚህ 2.3 ሊትር ገደማ ሽሮፕ ይወጣል፤ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ሦስት ጠርሙስ ይሞላል። ድስቱና ዕቃው የማይዝግ ብረት፣ ኢናሜል ወይም መስታወት ይሁን። አሉሚኒየም በአሲዱ ይበላል፣ ጣዕሙም ወደ ሽሮፑ ይገባል።

ሲትሪክ አሲዱን በሎሚ ጭማቂ ልተካ ለሚል፦ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ከመቶ 5 ገደማ ነው። 50 ግራም ለማግኘት አንድ ሊትር ጭማቂ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ የሎሚ ሽሮፕ ነው። አሲዱ ጣዕሙን ከማሳላቱም በላይ ሽሮፑን ከሻጋታና ከባክቴሪያ ይጠብቃል። ስኳር መቀነስም ይቻላል፣ ግን በቀነሳችሁ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። በስኳር ፋንታ ማር ማድረግ አይመከርም፤ የማሩ ሽታ የአበባውን ይውጠዋል።

አሠራር

አበባውን ነጭ ጨርቅ ላይ ደጅ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ጥቃቅን ነፍሳት ራሳቸው ይወጣሉ፤ የቀሩትን እያንዳንዱን ዘለላ ቀስ ብላችሁ ነካ በማድረግ አውርዱ። በኃይል አታራግፉ፤ ብናኙን ታባክኑታላችሁ። ከዚያ ዘለላውን ሳህን ላይ ገልብጣችሁ አበባዎቹን በሹካ ወይም በመቀስ ከዘንጉ ለዩ። ፀጉር የመሰሉት ጥቃቅን አረንጓዴ ጭራዎች ቢቀሩ ችግር የለም፤ ወፍራሙ ዘንግ ግን ይውጣ፤ ምሬቱና የሣር ጣዕሙ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ውሃውንና ስኳሩን ድስት ውስጥ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ አሙቁ፤ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ 2 ደቂቃ አፍሉትና አውጡት። አሁን ታገሡ። እጅ የማያቃጥል፣ ለብ ያለ እስኪሆን፣ 40 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይብረድ። ሲፈላ አበባው ላይ የሚያፈሱ አሉ፤ የሚያገኙት ቀለሙ የጠቆረ፣ የተቀቀለ ቅጠል የሚል ሽሮፕ ነው።

ሎሚዎቹን በሙቅ ውሃ አሽታችሁ እጠቡ፤ ብዙ ጊዜ በሰም ተቀብተው ነው የሚሸጡት። ቢጫውን ልጣጭ ብቻ በስሱ ላጡ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ይመራልና ጣሉት፣ ሥጋውን ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሲትሪክ አሲዱን ለብ ባለው ሽሮፕ ውስጥ አሟሙና ሎሚውንና አበባውን ጨምሩ። አበባው ሁልጊዜ ይንሳፈፋል፤ ንጹሕ ሳህን ጫኑበት። ከሽሮፑ በላይ የቀረ አበባ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ሻጋታ ይይዛል። ዕቃውን በጨርቅ ሸፍናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፣ በቀን ሁለቴ አማስሉት።

ከ24 ሰዓት በኋላ ቅመሱ። መዓዛው ጉሮሮ ድረስ ከተሰማ አውጡት፤ ካልሆነ እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በላይ ማቆየት መዓዛ አይጨምርም፤ የሎሚው ምሬት ይወጣል፣ ከአበባው ጋር የገባው እርሾም ማብላላት ይጀምራል። ቤቱ በጣም ሞቃት ከሆነ ከመጀመሪያው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት።

ስስ የጥጥ ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክራችሁ ወንፊት ላይ ዘርጉና አጥልሉት። በራሱ ይንጠብጠብ። ጨርቁን ጨምቃችሁ የምታገኙት ጥቂት ማንኪያ ሲሆን ምሬትና ደለል ይዞ ይመጣል። ሽሮፑ ትንሽ ቢደፈርስ ጉድለት አይደለም፤ የአበባው ብናኝ ነው። ቅጠላቸው ጥቁር ሐምራዊ የሆኑ የጌጥ ኤልደሮች ሮዝ አበባ አላቸው፣ ከእነሱ የሚወጣው ሽሮፕም ሮዝ ይሆናል፤ በጣም ያምራል።

ጠርሙስና ማቆያ

በዚህ መጠን ስኳሩ እርሾን ለማቆም አይበቃም። ሳይሞቅ ተከድኖ ሙቅ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ጋዝ ያጠራቅምና ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከሦስቱ መንገድ አንዱን ምረጡ።

በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ በንጹሕ ጠርሙስ ሞልታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። መዓዛውን ከሁሉ በተሻለ የሚጠብቀው ግን ፍሪዘር ነው፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከላይ አንድ አስረኛውን ባዶ ትታችሁ፣ ዓመት ይቆያል።

ፍሪዘር ለሌለው ማሞቅ አለ። የመስታወት ጠርሙሶቹን አጥባችሁ በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 20 ደቂቃ አቆዩ፤ ክዳኖቹን ቀቅሉ። ጠርሙሶቹ ሙቅ እንዳሉ ሽሮፑን 2 ሳንቲ ሜትር ከአፋቸው በታች እስኪደርስ ሙሉና ክደኑ። ጥልቅ ድስት ሥር ጨርቅ አንጥፋችሁ አቁሟቸው፤ ሙቅ ውሃ እስከ አንገታቸው ጨምሩ። መስታወቱ በድንገተኛ ለውጥ ስለሚሰነጠቅ ውሃውን ቀስ በቀስ አሙቁ፤ ውስጥ ያለው ሽሮፕ 75 ዲግሪ ሲደርስ 20 ደቂቃ በዚያው ያዙት። ቴርሞሜትር ከሌለ አትገምቱ፤ ይፈላል፣ የለፋችሁበት መዓዛም በእንፋሎቱ ይሄዳል። በራሳቸው ይብረዱ። በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ4 ሳምንት ውስጥ ይለቅ።

ጠርሙሱ ሲከፈት ካፏጨ ወይም አረፋ ካወጣ ተብላልቷል፤ ሻጋታ ከታየበት አንሥታችሁ አትጠቀሙ፣ ሙሉውን ድፉት።

ለመጠጣት አንድ እጅ ሽሮፕ በሰባት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በርዙ። ጋዝ ያለው ውሃ ከሆነ ሽሮፑን አስቀድማችሁ ብርጭቆው ውስጥ አድርጉ፣ ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ከላይ አፍስሱበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው፣ በተለይ የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ከሆነ፣ ከግማሽ ብርጭቆ ይጀምር።