ደብተሩ 10 በመቶ ይላል፣ እጅ ላይ ያለው ብር ግን አይሞላም፦ የትርፍ አማካይ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ባሕር ዳር ላይ አሳ የሚያከፋፍል ነጋዴ በ200,000 ብር ጀመረ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶ አተረፈ። በሁለተኛው እምቦጭ መረቡን ሲያጨናንቀው 40 በመቶ ከሰረ። በሦስተኛው 20 በመቶ አተረፈ። ደምሮ ለሦስት ሲያካፍል በዓመት 10 በመቶ ይመጣለታል። በዚህ ስሌት 266,200 ብር መኖር ነበረበት፤ ሲቆጥር ግን 216,000 ብቻ ነው። በጎደለው 50,200 ብር ሠራተኛ ከመጠርጠር በፊት ስሌቱን መፈተሽ ይገባል።

ምክንያት፦ ትርፉ ሳይወጣ እዚያው ከተሠራበት ዓመቶቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። 40 በመቶው የሄደው ከመነሻው 200,000 ላይ ሳይሆን አድጎ ከደረሰበት 300,000 ላይ ነው፤ ማለትም 120,000 ብር። የቀረው 180,000 በ20 በመቶ ሲያድግ 216,000 ሆነ።

መፍትሄ፦ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ይጠቀሙ። መቶኛዎቹን ወደ ማባዣ ይለውጡ፦ 1.50፣ 0.60፣ 1.20። ሲባዙ 1.08 ይሆናሉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.08 የሚሰጠውን ቁጥር ይፈልጉ። ብዙ የስልክ ካልኩሌተሮች አግድም ሲዞሩ የአርቢ ቁልፍ (xʸ ወይም ^ የሚል) ያወጣሉ፤ 1.08 ጽፈው አርቢውን (1÷3) ያድርጉ። መልሱ 1.026 ገደማ ነው፤ በዓመት 2.6 በመቶ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። ቅንፉ ከተረሳ መልሱ 0.36 ይመጣል። የ40 በመቶ ኪሳራ 0.40 ተብሎ ከገባ ደግሞ ብዜቱ 0.72 ይሆናል፤ መግባት ያለበት የተረፈው 0.60 ነው።

ተራው አማካይ ግን ሁልጊዜ አይሳሳትም። ነጋዴው በየዓመቱ ትርፉን እያወጣ፣ የከሰረውን እየሞላ፣ ሁሌም በ200,000 ቢጀምር ኖሮ 100,000 አግኝቶ፣ 80,000 አጥቶ፣ 40,000 ያገኝ ነበር። የተጣራው 60,000፣ በዓመት 20,000፣ ልክ 10 በመቶ! ስለዚህ ቀመር ከመምረጥዎ በፊት ትርፉ ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል ብለው ይጠይቁ።

ምልክት፦ የዘጌ ቡና በየወሩ በ12,000 ብር ተገዛ፤ ኪሎው በ400፣ በ600፣ በ300። አማካይ ዋጋው 433 ተብሎ ተያዘ፤ በ430 ሲሸጥ ግን ኪሳራ የለም።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ብሩ እኩል ነው፣ ኪሎው ግን እኩል አይደለም፦ 30፣ 20፣ 40። ሲረክስ ብዙ ተገዝቷል። 36,000 ብርን ለ90 ኪሎ ሲያካፍሉ እውነተኛው ዋጋ 400 ብር ነው። ሃርሞኒክ አማካይ የሚባለው ይኸው ነው። በየወሩ እኩል ኪሎ ቢገዛ ኖሮ ግን 433 ትክክል ይሆን ነበር።

ምልክት፦ በ100,000 ብር የተያዘ የአሳ ንግድ 30 በመቶ፣ በ900,000 ብር የተገዛ የሞተር ጀልባ 2 በመቶ አተረፉ፤ ባለቤቱ አማካዩን 16 በመቶ ይላል። ትርፉ 30,000 እና 18,000 ነው፤ በአንድ ሚሊዮን ብር ላይ 4.8 በመቶ። መቶኛዎቹን በየካፒታላቸው አባዝተው ይደምሩ፣ ለጠቅላላ ካፒታሉ ያካፍሉ። ካፒታል የሚባለውም ዓመቱ ሲጀመር የነበረው ነው፤ በመጨረሻው ካሰሉ ትርፉ ራሱ አካፋዩ ውስጥ ገብቶ መቶኛውን ያሳንሰዋል።