ፊኛውን ቦርሳችሁ ውስጥ ተዉት፦ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። አስተርጓሚ ነኝ። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአውሮፓ የሚመጡ ተማሪዎችን ይዤ አዲስ አበባን አዞራለሁ። ግማሾቹ ፈረንጆች ናቸው። ግማሾቹ የኛው ልጆች ናቸው፤ እዚያ ተወልደው አማርኛን ከእናታቸው ማጀት የለቀሙ። ፕሮግራማቸው ይመሳሰላል። አንድ ቀን እንጦጦ፣ አንድ ቀን ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ማየት፣ አንድ ቀን መርካቶ። መሐል ላይ ደግሞ አንድ ግማሽ ቀን፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚያድጉበት ማሳደጊያ።

ተማሪዎቹ ክፉ አይደሉም። አንዳንዶቹ ለዚህች ግማሽ ቀን ብለው ወር ሙሉ ኬክ እየሸጡ ገንዘብ አሰባስበዋል። ግን የሰው ቤት እንደሚገቡ የነገራቸው የለም። እኛ አገር እንግዳ ሲገባ የቤቱን ሰው ይሳለማል፣ ተቀመጥ እስኪባል ይቆማል፣ ጓዳ አይገባም። የማሳደጊያው በር ላይ ሲደረስ ግን ይህ ሁሉ ይረሳል። ልጆቻችሁን ለምትልኩ ወላጆችም፣ ቡድን ለምትመሩ መምህራንም፣ ራሳችሁ ለምትሄዱም፣ በዓይኔ ያየኋቸውን ስህተቶች ላውራችሁ። ሁለቱን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

"እናትህ የት ናት?" ብሎ መጠየቅ

አንዱ የኔ ጥፋት ይሄ ነው። አንዲት ተማሪ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አጠገብ ተንበረከከችና "እናቱ መቼ ነው የሞተችው?" በልልኝ አለችኝ። እኔም ትንሽ አለሳልሼ "እናትህ የት ናት?" አልኩት። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝና "እሁድ ትመጣለች" አለ።

ማሳደጊያ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ወላጅ የሞተበት አይደለም። የሕፃናት ድጋፍ ድርጅቱ ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉ ልጆች ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ አንድ ወይም ሁለት ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ገልጿል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ሲሆን ምክንያቱን መገመት አይከብድም። መቆም የማይችል የስድስት ዓመት ልጅ አዝላ የቀን ሥራ የምትሠራ እናት የት ታገኛላችሁ? ቤት አከራዩ ልጁን ሲያይ "ክፍሉ ተይዟል" ይላል። ፊዚዮቴራፒ የሚገኘው ሁለት ታክሲ ተይዞ ነው። ሰፈርተኛው "የምን እርግማን ነው?" ይላል። ልጁ ማሳደጊያ የገባው እናቱ ስላልወደደችው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ተዉት። ይልቅ ምን መጫወት እንደሚወድ ጠይቁት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ አንድ ሰው "ይዣት ልሂድ?" ይላል። ብዙ ጊዜ በቀልድ ነው፤ አንዳንዴ ግን ከምሩ ነው። የኢትዮጵያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የውጭ ጉዲፈቻን አግዷል። ልጅቷ ፊት ግን በቀልድም አይባልም።

ሰዓት መሳሳት

ቀላል ይመስላል። "በ3 ሰዓት ኑ" ሲባል ጠዋት ነው። ፈረንጁ ከሰዓት በኋላ ብሎ ይይዘዋል፤ ያኔ በኛ 9 ሰዓት ይሆናል። አንዴ አሥራ አራት ተማሪ ልጆቹ ሸለብ ባደረጋቸው ሰዓት ዱብ አለ። ሁሉም ተቀሰቀሱ። ማታ ያ ሁሉ ልጅ ሲነጫነጭ የሚያመሸው ከሞግዚቶቹ ጋር ነው።

ሞግዚቶቹን አልፎ መሄድ

ተማሪዎቹ በር ሲከፈት ወደ ልጆቹ ይሮጣሉ። ሽርጥ ያደረጉት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። የቤቱ ባለቤት ግን እነሱ ናቸው። የትኛው ልጅ ጩኸት እንደሚፈራ፣ የትኛዋ ጀርባዋ ላይ ቁስል እንዳላት፣ ማን ትናንት ትኩሳት እንደነበረው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ጨብጡ። "እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?" በሉ። ከዚያ "ዛሬ ምን እናግዝ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጣችሁ መልስ ካሰባችሁት ጋር ላይገጥም ይችላል።

ማጉረስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈረንጆቹ ብዙም አይደፍሩም። የኛ ልጆች ናቸው የሚያጠፉት፣ ያውም በፍቅር። ጉርሻ ፍቅር እንደሆነ ቤታቸው ተምረዋል። ምሳ ሲቀርብ ያያሉ፣ እንጀራውን በወጥ ይጠቀልላሉ፣ ዘንበል ብሎ ዊልቸር ላይ ወደተቀመጠው ልጅ አፍ ይሰዱታል።

ብዙዎቹ ልጆች ሴሬብራል ፓልሲ አለባቸው። ይህ አእምሮ ገና በእድገት ላይ ሳለ፣ በማህፀን ወይም በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት፣ በደረሰበት ጉዳት የሚመጣ የጡንቻ ቁጥጥር ችግር ነው። እግርና እጅ ብቻ አይደለም የሚነካው። መዋጥም በጡንቻ ነው። እኛ ሳናስበው የምናደርገው ነገር፣ ምላስ ምግቡን ወደ ኋላ ሲገፋ የአየር ቧንቧው ክድን ማለቱ፣ ለነዚህ ልጆች በሰዓቱ ላይሆን ይችላል። ልጁ ትን ይለዋል። ካሳለው እንኳን ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ሳያስል ምግቡ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ያኔ ምንም አይታይም። ከቀናት በኋላ ግን የሳንባ ምች ይሆናል። እናንተ በዚያን ጊዜ ላሊበላ ናችሁ።

አንዲት ሞግዚት ስታበላ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ልጁን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በክንዷ ያዘችው፣ አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገችው። ከፊቱ፣ በዓይኑ ትክክል ተቀመጠች። ከላይ ሆና አላጎረሰችውም፤ ከላይ የሚመጣ ማንኪያ አንገትን ወደ ኋላ ቀና ያደርጋል። ማንኪያዋ የሻይ ማንኪያ ናት፣ ግማሿን ብቻ ሞላቻት። አጎረሰችው፣ ጠበቀች፣ ጉሮሮውን አየች። ዋጠ። እንደገና። አንዲት ጎድጓዳ ሳህን አጥሚት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀች። ሲጨርስም ወዲያው አላስተኛችውም።

እሷ አጠገቧ አስቀምጣ ካላሳየቻችሁ በቀር አታብሉ። ውሃም ቢሆን። እንዲያውም ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራሙ ይበልጥ ትን ያስብላል። ከረሜላ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ፊኛ

ከውጭ የሚመጣ ቡድን ሻንጣ ውስጥ ፊኛ አይጠፋም። ቀላል ነው፣ ቦታ አይይዝም፣ ልጅ ያስቃል። ግን ስፓይና ቢፊዳ የሚባል፣ ህብለ ሰረሰር በማህፀን ሳለ ሳይገጥም ሲቀር የሚመጣ ችግር ያለባቸው ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ላይ ናቸው፤ ሽንታቸውም ብዙ ጊዜ በቱቦ ነው የሚወጣው። ከሕክምና ጓንትና ከቱቦ ላስቲክ ጋር ደጋግመው ስለሚነካኩ ላቴክስ የሚባለው የተፈጥሮ ላስቲክ አለርጂ ሊሆንባቸው ይችላል። ፊኛ የሚሠራው ከሱ ነው። አንዳንዱ ልጅ ሰውነቱ ሽፍ ይልበታል፣ ያሳክከዋል፤ አንዳንዱ ግን ትንፋሹ ይዘጋል። ፊኛው ሲፈነዳ ደግሞ ጩኸት የማይችሉት ልጆች፣ በተለይ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ቀናቸው ያኔ ያበቃል። የሳሙና አረፋ የሚነፋበትን አምጡ። ልጅ በሙሉ ይወደዋል።

ሳይጠይቁ ዊልቸር መግፋት

ዊልቸር ለተቀመጠበት ልጅ እግሩ ነው። ከኋላ መጥቶ መግፋት እናንተን ሳይጠይቁ ብድግ አድርጎ እንደመውሰድ ነው። ከፊት ዞራችሁ "ልግፋህ?" በሉ። መናገር የማይችል ልጅም በዓይኑ ይመልሳል፤ ታገሱ።

ዊልቸር መለገስ ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ወንበሩ በተጠቃሚው ልክ መሆን አለበት ይላል። ለአዋቂ የተሠራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ አከርካሪው ይጎብጣል፣ መቀመጫው ይቆስላል። አንድ ቤት ጓሮ ውስጥ በላስቲክ የተሸፈኑ የአዋቂ ዊልቸሮች ተደርድረው አይቻለሁ። ስጦታ ናቸው። ቤቱ የቸገረው የፊት ጎማ ነበር፤ የኛ ኮብልስቶን ትንንሾቹን ጎማዎች አይምርም።

ክብሪት መለኮስ

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ፊታችሁ ሊጥለው ይችላል። አንድ የኛ ልጅ አያቱ እንደነገሩት ክብሪት ጭሮ ሊያሸትተው ሲሮጥ በእጄ ይዤዋለሁ። ክብሪቱም፣ ማንኪያ አፍ ውስጥ መክተቱም አይረዳም፤ ማንኪያው እንዲያውም ጥርስ ይሰብራል። ሞግዚቷን ጥሩ። ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ አንሱ፣ በጎኑ አድርጉት፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው።

ቃል አለመምረጥ

የዳያስፖራ ልጆች አማርኛ የአያቶቻቸው አማርኛ ነው። ይጣፍጣል፤ ግን "ሽባ"፣ "ድዳ"፣ "ደንቆሮ" የሚሉትን ቃላት ሳያውቁ ይዘው ይመጣሉ። እነሱ ስድብ አይመስላቸውም። የአሥር ዓመቱ ልጅ ግን ቃሉን ከትምህርት ቤት መንገድ ያውቀዋል። "መስማት የተሳናት"፣ "ማየት የተሳነው"፣ "የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት" በሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስሙን መጥራት ነው።

አሜሪካ የምልክት ቋንቋ የተማሩ አንዳንድ ጊዜ ይመጣሉ። ጥሩ ነው። ግን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ነው። ፊደል በእጅ የሚጻፍበት መንገድ እንኳን የኛን ፊደል ይከተላል፤ የእጅ ቅርጹ ፊደሉን ይነግራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይለያል። አንዲት ተማሪ ስሟን በኢትዮጵያው ፊደል እንዲያሳዩዋት ልጆቹን ለመነች። አስተማሪ ሆኑላት። ስትሳሳት እንዴት እንደሳቁ!

ፎቶ

ስለዚህ ብዙ ተብሏል፤ አሁንም አልቀረም። አንድ ልጅ ስልክ ሲያይ የታጠፈ እግሩን በሹራቡ ሲሸፍን አይቻለሁ። ማንም ልብ አላለውም፣ ፎቶው ተነሳ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የግል ሕይወት መከበር የነሱም መብት ነው ይላል። ስልካችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። ቡድን መሪው አንድ ፎቶ ካስፈለገው አስተዳዳሪዋን ይጠይቅ፣ ልጁንም ይጠይቅ። እሺ ካለ ደግሞ አሳትሙና ላኩለት። ስንቱ ፎቶው ተነስቶ የራሱን መልክ ሳያይ ቀርቷል።

"ነገ እንመጣለን" ማለት

ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው። አንድ ተማሪ ሲሰናበት ለአንዲት ስምንት ዓመት ለሚሆናት ልጅ "እንመለሳለን" አላት። እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ "ነገ እንመጣለን" ብዬ ተረጎምኩ፤ እኛ "ነገ" የምንለው ለደግነት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቡድን ይዤ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። "ነገ አልደረሰም?" አለችኝ።

እንግዳ እንዳየ ዘሎ የሚታቀፍ ልጅ ሁሉንም ያስደስታል። ግን ጥሩ ምልክት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ በ136 ሕፃናት ላይ የተጀመረ ጥናት አለ። በአምባገነኑ መሪዋ በቻውሼስኩ ዘመን በማሳደጊያዎች በተሞላችው ሩማኒያ ማለት ነው። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት ልጆች ማሳደጊያ ከቀሩት የተሻለ እድገት አሳይተዋል። ለማያውቁት ሰው ሁሉ እኩል መቅረብ ተመራማሪዎቹ ከተከታተሏቸው ችግሮች አንዱ ነበር። የሚቆይላቸው ሰው ያጡ ልጆች የመጣውን ሁሉ ይይዛሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው ውሳኔ ማሳደጊያን የበጎ ፈቃድና የቱሪዝም መዳረሻ ማድረግ ልጆችን እንደሚጎዳ አንስቷል።

ስለዚህ ቡድን መሪዎችን አሁን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ ምን ልትሠሩ ነው የምትሄዱት? "ልጆቹን ለማየት" ካሉኝ ቀን ቀን ብቻ የሚያገለግል ልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት እንዲሄዱ እመክራለሁ፤ እዚያ ልጆቹ ማታ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ማሳደጊያ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ገና ሲገቡ "ዛሬ ብቻ ነን፣ ከምሳ በፊት እንሄዳለን" እንዲሉ አደርጋለሁ። አሁን እንደተባለው ነው የምተረጉመው።

ከልጆቹ ጋር ካልሆንን አልረዳንም ማለት

ባለፈው ክረምት አንድ ረጅም ተማሪ ምን ላግዝ ብሎ ጠየቀ። ሞግዚቷ ጓሮ ወሰደችው። ዝናብ ለሳምንት አላባራም ነበር። የሽንት ጨርቅ በየገመዱ ተሰቅሏል፣ አንዱም አልደረቀም። ካውያ ሰጠችው። ልጁ በሕይወቱ ካውያ ይዞ አያውቅም። ሌሎቹ ሲዘፍኑ እሱ ቆሞ ይተኩሳል፤ ጨርቁ እየጨሰ ይደርቃል፣ አጥፎ ይከምራል። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ጣቱን ፈጀው። ሞግዚቷ ሳቀችበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ አመጣችለት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቅርጫት ወደ እግሩ አስጠጋችለት።