ይቅር ብለውም ሰላም ላጡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዓረብ አገር የሚመለሱ ብዙ እህቶችን የሚጠብቅ አንድ ታሪክ አለ። ለዓመታት የሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን ለወንድሟ ስትልክ ቆየች። ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል ተብሎ ነበር። ስትመጣ ግን ቦታም ቤትም የለም፤ ገንዘቡ ተበልቷል። ለቅሶው አለፈ፣ ኩርፊያው አለፈ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እርሷም ይቅር አለች። ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ይቅርታ ሰላም ያመጣል ሲባል ኖሯል፤ የእርሷ ለምን አላመጣም? በእኔ ግምት ይቅርታው ራሱ ተበላሽቶ ስለተሠራ ነው። በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾችም፣ ጓደኛው የካደው ነጋዴም የሚሳሳቱት ከዚህ ብዙም የተለየ አይደለም።

በደሉ ሳይነገር ይቅር ማለት

ሽምግልናችን ትልቅ ሀብት ነው። ፍርድ ቤት ዓመታት የሚፈጅበትን ጉዳይ አንዳንዴ በአንድ ከሰዓት ይቋጨዋል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ፍጥነት ነው። ወንድም እህቱ እግር ላይ ይወድቃል፤ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይነሣ፣ «በይ እንግዲህ፣ የእናትሽ ልጅ ነው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» ይላሉ። ስንት ብር እንደተላከለት፣ ምን ላይ እንዳዋለው የጠየቀው የለም። እርሱም «ስላጠፋሁት ሁሉ» ብሎ በጅምላ አልፎታል። ቡናው ቀርቧል፣ የሁሉም ዓይን እርሷ ላይ ነው። እሺ ከማለት በቀር ምን ምርጫ አላት?

ረመዳን ሲገባ ወይም ሰው ለሐጅ ሲነሣ «አውፍ በሉኝ» መባባል ያማረ ልማድ ነው፤ ክርስቲያኑም ጾም ሲይዝ ጎረቤቱን ይቅርታ ይጠይቃል። ለዕለት ተዕለት ቅያሜ ይህ ይበቃል። ለተበላ የዓመታት ደመወዝ ግን አይበቃም።

ስለዚህ ከሽምግልናው ቀን በፊት ከሽማግሌዎቹ የሚያምኑትን አንዱን ለብቻ ያነጋግሩ። «መጀመሪያ የሆነውን ከሥር እስከ ጫፍ እናገራለሁ፣ እርሱም መልስ ይሰጣል፣ የይቅርታው ነገር ከዚያ በኋላ ይምጣ» ይበሉ። ልባም ሽማግሌ ይህን ሳይነግሩትም ያደርጋል፤ ሁለቱን ወገኖች በየተራ ለብቻ ሰምቶ ነው ፊት ለፊት የሚያገናኛቸው። በዚያ ቀን ልብዎ እሺ ካላለ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይጠይቁ። በሽምግልና ቀጠሮ መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ቂሙን ሲተዉ ዕዳውንም አብሮ መተው

ብዙ ሰው ይቅር ካለ በኋላ ስለ ገንዘቡ መናገር ያፍራል። ሁለቱ ለየብቻ የሚወሰኑ ጉዳዮች ናቸው። ገንዘቡን መተው ከፈለጉ በግልጽ ይተዉ፤ ካልፈለጉም እዚያው ዕርቁ ላይ ይባል። ሳይባል የቀረ ዕዳ በየበዓሉ ከወንድምዎ ጋር አብሮ ማዕድ ይቀርባል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። (500 ብር ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለአንባቢ አልነግርም።) በወንድምና በእህት መካከል ደግሞ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ሁሉም ልቡ ለስልሶ በተቀመጠበት በዕርቁ ቀን፣ ምን ያህል እንደሚመለስና በምን ጊዜ እንደሚከፈል ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። የሐዋላ ደረሰኞቹን አይጣሉ። ነገሩ ለዘላለም የሚቆይም አይምሰልዎ፤ ከውል ለሚመጣ ጥያቄ መደበኛው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ፣ 10 ዓመት ነው።

ይቅር ካሉ አብሮ መኖር ግድ ነው ብሎ ማሰብ

ይቅርታ አንድ ሰው ብቻውን ያደርገዋል፤ ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የሚደበድባትን ባል ይቅር ብላ ወደ ቤቱ አለመመለስ የሴትዮዋ ሙሉ መብት ነው። አደጋ ወዳለበት ቤት ተመለሺ የሚል ሽማግሌ ሽምግልናውን ለሌላ ቢተው ይሻላል። ወንድሟን ይቅር ያለችው እህትም ቀጣዩን ብር በራሷ የባንክ ሒሳብ ብታስቀምጥ ቂመኛ አያሰኛትም።

በዳዩ እስኪለምን መጠበቅ

ላይለምን ይችላል። ሞቶም ይሆናል፣ አገር ጥሎም ይሆናል፣ ወይም የበደለ አይመስለውም። የእርስዎን እንቅልፍ በእርሱ ጸጸት ላይ አያንጠልጥሉት።

ቁጣው ሲመለስ «ውሸቴን ነበር» ማለት

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት እውነት አለው፤ ግን ስንቱን ምእመን ያለ ጥፋቱ አስጨንቋል። ይቅር ባለ በወሩ የጎረቤት ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ሰምቶ፣ ሳይሠራ የቀረው የራሱ ቤት ትዝ ብሎት ደሙ የሚፈላ ሰው፣ ቂም ይዤ ነው የምጸልየው ብሎ ይደነግጣል።

የይቅርታን ነገር ለዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤቨረት ዎርቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1996 መባቻ እናታቸው ቤት ሰብሮ በገባ ሰው ተገድለውባቸዋል። እርሳቸው በጥናታቸው የይቅርታን ውሳኔ ከይቅርታ ስሜት ይለያሉ። አልበቀልም ብሎ መወሰን በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ስሜቱ ግን ውሳኔውን የሚከተለው ቀስ እያለ ነው፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁጣው ሲነሣ ሽምግልናውን እንደገና ማስቀመጥ አያስፈልግም። የወሰኑበትን ቀንና ምክንያት በማስታወሻ ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ በዚያ ሰዓት የሚያነቡት ነገር ይኖርዎታል።

ይቅርታን ጅራፍ ማድረግ

ይህኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ጥፋቱም የበዳይ ሳይሆን የይቅር ባዩ ነው። ለንስሐ አባት ወይም ለአንድ ሚስጥር ጠባቂ ጓደኛ መናገር ልብ ያሳርፋል። ታሪኩን በየቡናው መድገም ግን ቁስሉን በየቀኑ መንካት ነው፤ ወሬው ዞሮ የወንድም ልጆች ጆሮ ሲደርስ ደግሞ ምንም ያላጠፉ ይቀጣሉ። ቤት ውስጥም በትንሽ ትልቁ «እኔ ይቅር ባልልህ ዛሬ የት ትሆን ነበር?» ይባላል። እንዲህ ያለ ይቅርታ የተደረገለት ሰው ጥቂት ቆይቶ ራሱን እንደ ተበዳይ ማየት ይጀምራል፤ አልፈርድበትም። የክፍያው ቀን ካለፈ በዕርቁ ቀን የተፈረመው ወረቀት ወጥቶ ስለዚያ ወር ክፍያ ይጠየቅ። «አንተ ድሮም» ብሎ የሚጀምረው ንግግር ግን አብሮ አይውጣ።