የሽሪምፕ አኳሪየም በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ፦ ከጀሪካኑ ጀምሩ

ቼሪ ሽሪምፕ፣ በአኳሪየም (በመስታወት የውሃ ገንዳ) የምትረባው ትንሽ የሸርጣን ዘመድ፣ ለአዲስ አበባ ቤት የምትስማማ ፍጥረት ናት። ቁመቷ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩና ከቅጠሉ ላይ እየለቀመች ትውላለች፤ ድምፅ የላት፣ ሽታ የላት። ትውልዷ ምሥራቅ እስያ ነው። ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ያለው ውሃ ይስማማታል። በሞቃት ከተማ የሚያረቡ ሰዎች ውሃ ለማቀዝቀዝ ብዙ ይለፋሉ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ የምንኖር ሰዎች ከዚያ ጣጣ ነፃ ነን።

እዚህ ሽሪምፕን የሚፈጃት ብርዱ ሳይሆን ድንገት የተለወጠ ውሃ ነው። በፈረቃ የሚመጣው፣ ጠፍቶ ሰንብቶ ደፍርሶ የሚመለሰው፣ ክሎሩ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ውሃ። ስለዚህ ከመስታወቱ በፊት ውሃውን እናዘጋጅ።

መጀመሪያ ውሃው

ሁለት አዲስ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና አንድ ሰፊ ባልዲ ግዙ። ዘይት፣ ሳሙና ወይም በረኪና የነካው ዕቃ አይሆንም። "የሽሪምፕ" ብላችሁ ጻፉበትና የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው።

የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ወዲያው አትቅዱ። የመጀመሪያው ድፍርስ ይውረድ። ከዚያ ባልዲውን ሞልታችሁ አፉን ክፍት አድርጋችሁ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አስቀምጡት። የአየር ፓምፕ ቱቦ ብትጨምሩበት ክሎሩ ቶሎ ይወጣል። ብዙ ሰው "ጀሪካን ውስጥ ስላደረ ክሎሩ ጠፍቷል" ይላል። ክዳኑ ከተዘጋ ግን በቶሎ አይወጣም። በባልዲ አሳድሩት፣ ከዚያ ወደ ጀሪካን ገልብጡት። ክሎር የሚያጠፋ ጠብታ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው።

አንድ ርካሽ መሣሪያ እመክራለሁ፤ ቲዲኤስ ሜትር። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በቁጥር ያሳያል። ለቼሪ ሽሪምፕ ከ150 እስከ 300 ያለው ጥሩ ነው። የከተማችን ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይመጣል። የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ቁጥር አትመኑ፤ የራሳችሁን ቧንቧ ለኩ። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ሽሪምፗ ትለምደዋለች። ዛሬ 150፣ ነገ 350 ከሆነ ግን አትችለውም።

ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ተዉት። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክና መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ናቸው።

መስታወቱና ቦታው

50 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 45 ሊትር ይይዛል። ለጀማሪ ከዚህ ያነሰ አልመክርም፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይበላሻል። የተዘጋጀ ካላገኛችሁ መስታወት ቤት ማሠራት ይቻላል። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት አይሆንም። ከተሠራ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ በረንዳ ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሙሉት፤ ለአንድ ቀን ሳያፈስ ካደረ ወደ ቦታው አስገቡት።

ሲሞላ ከነድንጋዩ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሚወዛወዝ ኮመዲኖ ላይ አይቀመጥም። ፀሐይ በቀጥታ ከምትገባበት መስኮትም አርቁት፤ አልጌ ይወርሰዋል። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግም ይራቅ፤ ፓምፑ የቤቱን አየር ስቦ ነው ውሃው ውስጥ የሚያስገባው። ፍሊት ወይም የበረሮ መርዝ በሚነፋበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ነፍሳትን የሚገድል ነገር ሽሪምፕንም ይገድላል፤ ጥቂቱ ይበቃታል።

ውስጡን ማዘጋጀት

ወለሉ ላይ ጥቁር ደቃቅ ጠጠር 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ። ቀይ ሽሪምፕ ጥቁር ላይ ቀለሟ ይደምቃል። ጠጠሩን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት፤ ሳሙና አይንካው። ድንጋይ ለማግኘት እንደኛ ከተማ የሚመች የለም፤ ለግንብ የምንጠቀምበት ጥቁር ድንጋይ ውሃውን አይለውጥም። ሲሚንቶ ያልነካው ይሁን፣ በደንብ ይፈተግ። ነጣ ያለ ድንጋይ ካገኛችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ተዉት።

ማጣሪያው የስፖንጅ ዓይነት ይሁን፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራው። ሞተር ያለው ማጣሪያ ጫጩቶቹን ይውጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ አረፋው ሌሊትም አይቋረጥ። ፓምፑን ከውሃው ልክ በላይ አስቀምጡት ወይም ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክለውን ትንሽ ቫልቭ ግጠሙለት። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ፓምፑ፣ ከዚያም ወደ ሶኬቱ ሊመለስ ይችላል። ይሄ የቤተሰብ ደኅንነት ነገር ነው፤ ችላ አትበሉት።

ተክል ከተባለ ጃቫ ሞስ ይበቃል። ብዙ ብርሃን አይፈልግም፣ ጫጩቶቹ ይደበቁበታል፣ በላዩ የሚበቅለውን ስስ ልባስም ይበሉታል። መብራቱ በቀን ለ6፣ ቢበዛ ለ8 ሰዓት ያህል ይብራ።

ማሞቂያ የግድ አይደለም። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወይም በሐምሌ ዝናብ ውሃው ከ18 ከወረደ እንቁላል ማቀፍ ያቆማሉ። ባለ 50 ዋት ማሞቂያ 22 ላይ ማድረግ ይበቃል።

መጠበቅ

ገንዳው ተሞልቶ አምሮ ሳለ ሽሪምፕ ማስገባት ያጓጓል። አይገባም። ከተበላሸ ምግብና ከኩስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያውን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይገድላሉ፤ ናይትሬቱ ካልበዛ አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ቤት ከዚያም ይረዝማል።

በእነዚህ ሳምንታት በየሁለት ቀኑ ቁንጣሪ የዓሣ ምግብ ጨምሩ። አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ የእሱን ስፖንጅ ጨምቃችሁ ጥቁሩን ውሃ ብታመጡ ጊዜው ያጥራል። የውሃ መመርመሪያ ኪቱ (ቲዲኤስ ሜትሩ እነዚህን ለይቶ አያሳይም) አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት ከ20 በታች ሲል ዝግጁ ነው። ድንጋዩ ላይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልባስ ማየትም ጥሩ ምልክት ነው፤ ምግባቸው እሱ ነው።

ሽሪምፖቹ ሲመጡ

ከ10 እስከ 15 ይሁኑ፤ ወንድም ሴትም እንዲገኝ። ሴቷ ተለቅ ያለች፣ ቀለሟ የጠገበ፣ ሆዷ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። ቀለም አትደባልቁ። ቀይና ሰማያዊ አብረው ከተራቡ ልጆቹ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይመለሳሉ።

ከመጡበት ላስቲክ በቀጥታ አትገልብጧቸው። ከነውሃቸው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አድርጓቸው። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ግዙ፤ መቆጣጠሪያ ስላላት ለዚህ ሥራ ድንቅ ናት። ከገንዳው ወደ ባልዲው በሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ እንዲወርድ አድርጋችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ በመረብ አንስታችሁ አስገቧቸው። የባልዲው ውሃ ወደ ገንዳው አይገባም።

በየሳምንቱ

ከውሃው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ቀይሩ። ከጀሪካኑ የምታስገቡት ውሃ እዚያው ክፍል ያደረ ይሁን፤ ሙቀቱ እንዲመሳሰል። ቀስ ብሎ ይግባ። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨምቁት። ቧንቧ ሥር ካጠባችሁት ክሎሩ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ውሃ ጠፍቶ መቀየሪያ ካጣችሁ አትጨነቁ፤ ሳትቀይሩ አንድ ሳምንት መዝለል ያላረፈ ውሃ ከማስገባት በብዙ ይሻላል።

ምግብ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ በቂ ነው። ጨውና ዘይት ሳይነካው ለአንድ ደቂቃ የተቀቀለ ቆስጣ፣ የተላጠ ዝኩኒ ቁራጭ ይወዳሉ። አትክልቱ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ ይታጠብ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የተረፈውን አውጡ። የደረቀ የዘይቱና ቅጠል ግን እስኪያልቅ ውስጡ መሰንበት ይችላል።

መብራት ለሁለት ሦስት ሰዓት ቢጠፋ ችግር የለውም። ሲረዝም በኩባያ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፤ አየር ይዞ ይገባል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካለ ደግሞ እረፍት ነው።

ወለሉ ላይ ባዶ፣ ጥርት ያለ ቅርፊት ስታዩ አትደንግጡ፤ ሲያድጉ የሚጥሉት ነው። አታውጡት፣ ለማዕድኑ ይበሉታል። የሞተችዋ ግን ሥጋዋ ይደፈርሳል፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ትሆናለች፤ እሷን ወዲያው አውጡ። ሁሉም በአንዴ መሯሯጥ ወይም ወደ ላይ መውጣት ከጀመሩ ውሃው ላይ አንድ ነገር ደርሷል። መጀመሪያ የአየር ፓምፑን እዩ፣ ከዚያ ለኩ፣ ከዚያ ካረፈው ጀሪካን ጥቂት ቀይሩ።

ሴቷ ከሆዷ ሥር እንቁላል ካቀፈች በኋላ በወር ገደማ ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ። አንዷ ከ20 እስከ 30 ታቅፋለች፤ ስለዚህ ገንዳው በጥቂት ወራት ይሞላል። የተረፉትን ለጎረቤት ወይም ለማርባት ለሚፈልግ ስጡ። ወደ ቀበና ወይም ወደ ባንቲይቀጡ ወንዝ ግን አንዲትም አትልቀቁ። ይህች ዝርያ በጀርመንና በፖላንድ ከሰው ቤት ወጥታ ውጭ ውሃ ውስጥ መራባቷ ታውቋል። ከገንዳው የምትቀዱትን አሮጌ ውሃም ጫጩት ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ቦይ አትድፉት። ለአበባ ማሰሮ አጠጡት፤ ናይትሬቱ ለተክሉ ማዳበሪያ ነው።