ሞዴስ በትምህርት ቤት፦ ልጅቷ ማንንም ሳትጠይቅ እንድታገኘው

ለተማሪዎች ሞዴስ በነፃ ለማቅረብ የተነሳ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ግዢው ነው። ነገሩ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ በኋላ ነው። ካርቶኑ ቢሮ ይቀመጥና «የፈለገች መጥታ ትጠይቅ» ይባላል። ዩኒፎርሟን ደም የነካባት የ12 ዓመት ልጅ ቢሮ አንኳኩታ ይህን አትጠይቅም፤ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስለዚህ ቦታው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። ስም የሚመዘገብበት ደብተርም አያስፈልግም። የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀው ሕግ እንኳ ምርቶቹ በቀላሉና ክብርን በጠበቀ መንገድ እንዲገኙ ያዛል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የወር አበባ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ 5 ቀን ብላችሁ ያዙ። ከእነዚህ ውስጥ 4ቱ የትምህርት ቀን ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር ስላለበት፣ ለአንድ የትምህርት ቀን 2 ይበቃል። ለአንዲት ልጅ በወር 8፣ ለ100 ልጆች 800 ማለት ነው፤ መጠባበቂያ ጨምራችሁ 1,000 ግዙ። ይህ የትምህርት ሰዓቱን ብቻ ይሸፍናል። ለቤትም እንዲሆን ካሰባችሁ በቀን 4 ሂሳብ ለአንዲት ልጅ 20፣ ለ100 ልጆች 2,000 ይሆናል። የትኛውን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በመሃል ሲያልቅ ልጆቹ እምነት ያጣሉ። ከአራቱ አንዱ እጅ ረዘምና ወፈር ያለው ይሁን፤ ብዙ ደም የሚፈሳት ልጅ በቀጭኑ ክፍለ ጊዜውን ተረጋግታ አትጨርስም።

የትንንሾቹን መጸዳጃ ቤት አትርሱ። የወር አበባ በ10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ሊጀምር ይችላል፤ ያልጠበቀችው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ትደነግጣለች። ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀውም ክፍል የራሱ ሳጥን ይኑረው።

ክዳን ያለው ሳጥን ከውሃ ራቅ አድርጋችሁ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ከተቻለ በየመጸዳጃ ክፍሉ ውስጥ ይሁን፤ ስትወስድ ማንም አያያትም። እርጥበት ሞዴሱን ስለሚያበላሽ በአንድ ሳጥን ከ15 በላይ አታስቀምጡ፤ የቀረው ደረቅ መጋዘን ይቆይ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ጠዋትና ከእረፍት በኋላ የሚሞላ ሰው መድቡ፤ እሱ በቀረ ቀን የሚተካውንም እንዲሁ። ስንት እንደሞላችሁ ብቻ ጻፉ፤ ለቀጣዩ ግዢ የሚያስፈልጋችሁ ያ ቁጥር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳጥኑ ቶሎ ቶሎ ባዶ ቢሆን «ሰረቁ» ብላችሁ አትቆልፉ። ነገ ይኑር አይኑር ያላወቀች ልጅ ለነገም ትይዛለች፤ ለእህቷ የምትወስድም ትኖራለች። ሳጥኑ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል።

ሞዴስ አቅርቦ የቆሻሻ መጣያ አለማስቀመጥ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። የብዙዎቹ ሞዴሶች ውስጠኛ ክፍል ፈሳሽ ሲያገኝ የሚያብጥ ጄል አለው፤ ሽንት ቤት ከተጣለ ቧንቧውን ይዘጋል። ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለም ቶሎ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ይሞላል። በየመጸዳጃ ክፍሉ ክዳኑ በእግር የሚከፈት መጣያና መጠቅለያ ወረቀት አስቀምጡ፤ በየቀኑ ይደፋ። ውሃ፣ ሳሙናና ከውስጥ የሚቆለፍ በርም ግድ ነው።

ታጥቦ የሚያገለግለው የጨርቅ ሞዴስ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ልጅቷ ቤቷ የምታጥብበት ውሃና የምታሰጣበት ፀሐይ ከሌላት አትስጧት። ለአንዲት ልጅ ቢያንስ 5 ያስፈልጋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በኀፍረት ፍራሽ ሥር ተደብቆ እርጥቡን የቆየ ጨርቅ ይሻግታል፣ ቆዳም ያሳክካል፤ ይህንን ስታድሉ በግልጽ ንገሯቸው።

ለድንገተኛ ጊዜ አንዲት ሴት መምህር ዘንድ 2 ሞዴስ፣ አዲስ የውስጥ ሱሪ፣ ቅያሪ ቀሚስና የማያሳይ ከረጢት ይቀመጥ። ወንዶቹንም አስተምሩ፤ ሳጥኑ የት እንዳለ ማወቃቸው ሳይሆን መሳለቃቸው ነው ልጅቷን የሚያስቀራት። ሞዴሷ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚርስባትን፣ ወይም ከ7 ቀን በላይ የሚፈሳትን ልጅ ግን ሞዴስ ጨምራችሁ አትሸኟት፤ ጤና ጣቢያ ትታይ።