ኢንዲዛይን ላይ ፎቶ ሲደበዝዝ

ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ መጽሔት ወይም የሰርግ ጥሪ ካርድ የምትሠሩ፣ ያስገባችሁት ፎቶ ደብዝዞ ቢታያችሁ ቶሎ አትደንግጡ። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ሲል ስክሪን ላይ የሚያሳያችሁ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። «ቪው» ውስጥ «ዲስፕሌይ ፐርፎርማንስ» ገብታችሁ «ሃይ ኳሊቲ ዲስፕሌይ»ን ምረጡ። ከጠራ፣ የደበዘዘው የስክሪኑ ቅጂ ብቻ ነበር።

ካልጠራ ግን ችግሩ ፎቶው ጋ ነው። ፎቶውን መርጣችሁ «ሊንክስ» ፓነል ላይ «ኢፌክቲቭ ፒፒአይ» የሚለውን ቁጥር (ፎቶው ገጹ ላይ ባለው መጠን በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንዳለው) እዩ፤ ለጥሩ ኅትመት 300 አካባቢ ይፈለጋል። 300 የነበረው ፎቶ እጥፍ ሆኖ ከተለጠጠ 150 ይሆናል፣ ስለዚህ አጠገቡ ያለው፣ ከመለጠጡ በፊት የነበረውን ቁጥር የሚያሳየው «አክቹዋል ፒፒአይ» አያታልላችሁ።

እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ መነሻው ፎቶው በቴሌግራም መላኩ ነው። በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ይጨመቃል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርሳል። ይህ በ300 ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም! ደንበኛውን ገና ከመጀመሪያው «እባክዎ በፋይል መልክ ይላኩልኝ» በሉት። ፎቶሾፕ ላይ ቁጥሩን ማሳደግ የጠፋውን ዝርዝር አይመልስም፤ ዋናው ፎቶግራፍ አንሺው ጋ ካለ፣ ሥራው ማተሚያ ቤት ሳይገባ ደውላችሁ አስልኩት።