የውስጥ አርበኛን ልቦለድ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአምስቱ የጣልያን ዘመን ላይ ልቦለድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ታሪክ ፍለጋ ብዙ አይደክምም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ፍቅርም፣ ክህደትም፣ ስለላም፣ ሞትም ሞልቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የውስጥ አርበኛው አለ። ቀን ጣልያን ቢሮ ተቀምጦ ይሠራል፤ ማታ ጥይትና ወሬ ወደ ጫካ ይልካል። ለስለላ ልቦለድ ከዚህ የበለጠ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል?

እንዲያም ሆኖ በዚህ ሰው ላይ የሚጻፉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ይከሽፋሉ። የሚከሽፉት ጸሐፊው ስለማይችል አይመስለኝም። የውስጥ አርበኛው አደጋ የት ላይ እንደነበር በደንብ ስላልታሰበበት ነው።

ጀግናውን ሰፈር ሁሉ እንዲያውቀው ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። በብዙ ረቂቅ ውስጥ የውስጥ አርበኛው ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ይታወቃል። እናቱ ታውቃለች፣ እጮኛው ታውቃለች፣ ጎረቤት በአክብሮት ያየዋል። አንባቢም አብሮ ያጨበጭባል።

እውነቱ ተቃራኒው ነው። የውስጥ አርበኛ በሰፈሩ ዓይን ባንዳ ነው። ከሶላቶ ጋር ይሳሳቃል። ደመወዙን በሊሬ ይቀበላል። ወንድሙ ጫካ የገባበት ጎረቤት ሰላም አይለውም። ለቅሶ ቤት ሲገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ ከአጠገቧ ፈቀቅ ይላሉ። ልጇ ግን አንዲት ቃል ተንፍሶ ሊያጽናናት አይችልም፤ የተናገረ ቀን እሷንም ገደላት ማለት ነው።

አብርሃ ደቦጭን አስቡት። ኤርትራ የተወለደ፣ ጣልያንኛ የሚያውቅ፣ ጣልያኖቹ ቀጥረው የሚያሠሩት ወጣት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፊት መንገድ ላይ ያየው የአዲስ አበባ ሰው ምን ይል ነበር? ያ ሰው ነው በዚያ ቀን ከሞገስ አስገዶም ጋር ሆኖ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወረው። ልቦለዳችሁ ውስጥ የሚያስፈልገው ከቦምቡ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። በየቀኑ ቢሮ መግባቱ፣ «ሲ ሲኞሬ» ማለቱ፣ የሀገሩ ሰው ሲተፋበት ዝም ማለቱ። ቦምቡ የአንድ ገጽ ነገር ነው፤ ዝምታው ግን መቶ ገጽ ይችላል።

ሸዋረገድ ገድሌንም አትርሱ። አዲስ አበባ ተቀምጣ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ታቀብል ነበር። ተይዛ ተሠቃየች፤ ኢጣልያ ድረስ ተግዛ ታሰረች። ከእስር ከተመለሰች በኋላም ትግሉን አልተወችም። እንዲህ ያለች ሴት በልቦለድ ውስጥ ለአርበኛው ስንቅ አቀባይ ብቻ ሆና ስትቀር እናደዳለሁ። ከበደች ስዩምም አለች። ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደለ በኋላ ራሷ ጦር መርታ የተዋጋች ሴት ናት። ሴት ገጸ ባሕርያችሁን ከነዚህ አሳንሳችሁ አትጻፏት።

ፍርሃት የማያውቅ ጀግና መፍጠር

የማይፈራ ሰው ደፋር ሊባል አይችልም፤ አደጋውን አላየውም ማለት ብቻ ነው። ስምዖን አደፍርስ መኪና ነበረው፤ ሥራ ነበረው። አርፎ ቢቀመጥ ማንም አይነካውም ነበር። እያወቀ ነው አብርሃንና ሞገስን የረዳው። በኋላም ተይዞ፣ ተሠቃይቶ ሞተ። እንዲህ ያለውን ሰው ስትጽፉ ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት ጻፉልን። ምን አሰበ? ለማን ሊናገር ፈልጎ ተወው? ብሩን ለማን አስቀመጠ? እጁ እየተንቀጠቀጠ መሪ የሚጨብጥ ሰው ከማንም በላይ አንባቢን ይይዛል።

ፍቅሩን ከጦርነቱ ነጥሎ ማስቀመጥ

አንዳንድ ጸሐፊ ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ይጽፋል። አንዱ ጦርነት ነው፣ ሌላው ፍቅር። ምዕራፍ አምስት ላይ ይዋጋሉ፣ ምዕራፍ ስድስት ላይ ይሳሳማሉ። ፍቅሩ ሌላ ዘመን ላይ ቢደረግም ምንም የማይጎድልበት ከሆነ አልተሠራበትም።

በጦርነት ጊዜ ፍቅር ራሱ አደጋ ነው። አሁንም ወደ አብርሃ ልመልሳችሁ። ከድርጊቱ ቀደም ብሎ ሚስቱን ወደ ደብረ ሊባኖስ ወስዶ አስቀምጧት ነበር። ሊያድናት ነው። የትኛውም የሚወድ ባል የሚያደርገው ነው። ጣልያኖች ይህን ሲደርሱበት ገዳሙ የሴራው ተባባሪ ነው ለማለት አንዱ ማስረጃቸው አደረጉት። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ግራዚያኒ ራሱ ባስተላለፈው ቴሌግራም የመጀመሪያው ቀን ግዳይ 297 መነኮሳት ነበሩ፤ ከዚያ ዲያቆናቱ ቀጠሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያደርሱታል። ጥፋቱ የገዳዮቹ ነው፤ የባልየው አይደለም። ግን ልቦለድ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። አንድ ሰው የሚወዳትን ሴት አስተማማኝ የመሰለው ቦታ አስቀመጠ፤ ጠላት ያንን ቦታ የደም ምድር አደረገው።

ሌላው በጣም የተለመደው የጣልያን መኮንንና የሀበሻ ልጅ ፍቅር ነው። መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ሕጉን ሳያውቁ መጻፍ አይቻልም። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ የተከለከለው አብሮ መኖሩና መዋደዱ ነው። ለአንድ ሌሊት ገንዘብ ከፍሎ መሄድ አላስቀጣም። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፤ ጣልያናዊው አባት ክልሱን ልጁን ልጄ ብሎ በሕግ እንዳያውቀው ከለከለ። ይህን የምታውቅ ጸሐፊ የመኮንኑን «እወድሻለሁ» እንዴት አድርጋ ትጽፈዋለች? ቃሉ ወንጀል ነው። ልጅቷስ እምቢ ማለት ትችላለች? ጠመንጃ የያዘው እሱ ነው፤ የወንድሟን እስርም ፍቺም የሚያዘው እሱ ነው። ይህን ሳይነኩ በጨረቃ ብርሃን ማሳመር ያቺን ልጅ መበደል ነው።

ዘመኑ ያልነበረውን ነገር ማስገባት

በ1928 ዓ.ም. ክረምት «ካዛንቺስ እንገናኝ» የሚል አርበኛ ሊኖር አይችልም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣልያን በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ነው። የዛሬው መርካቶም ጣልያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ ካዛወሩት ወዲህ የመጣ ነው፤ የቀድሞው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ገነተ ልዑል ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከነጻነት 20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ክላሽንኮቭ ገና አልተሠራም። አርበኛው የሚይዘው ውጅግራ፣ አልቢን፣ ምንሽር፣ ወይም ከጣልያን የማረከውን ነው፤ ጥይቱንም ቆጥሮ ይተኩሳል።

ብሩም እንዲሁ። ገበሬው የሊሬ ወረቀት አያምንም፤ የማርያ ቴሬዛን ብር ነው የሚፈልገው። ጣልያኖችም ይህን ስላወቁ ያንኑ ብር ሮም ላይ ያስመቱት ነበር። ገንዘብ ለአርበኛ የሚያሻግር ሰላይ በሊሬና በብር መካከል ስንት ጣጣ እንዳለበት አስቡ።

የመርዝ ጋዝም በፊልም እንደሚታየው ወዲያው አይጥልም። የሰናፍጭ ጋዝ ቁስሉ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚወጣው። ገጸ ባሕርያችሁ ደህና ነኝ ብሎ እሳት ዳር ይቀመጣል፤ ሌሊት ዓይኑ ይጠፋል።

ስለላውን ከፊልም መቅዳት

የፊልም ሰላይ ሬድዮ አለው፣ ጽዋ ውስጥ የሚጨምረው መርዝ አለው፣ ድብቅ ካሜራ አለው። የእኛ ውስጥ አርበኛ ምንም የለውም። ሬድዮ ያለው ጠላት ነው። በማይጨው ጊዜ ጣልያኖች የኢትዮጵያን ጦር የሬድዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የውስጥ አርበኛ መልእክቱን የሚልከው በሰው ነው፤ ጠላ በምትሸጥ ሴት፣ በቆሎ ተማሪ፣ በነጋዴ፣ በሸክላ ሻጭ። ስለዚህ ውጥረቱም ከሰው ይመጣል። መልእክተኛው ኬላ ላይ ላበው። ልጁ ያየውን ለጓደኛው አወራ። አንዱ ጆሮ ጠቢ ሰክሮ ቤት ተሳሳተ።

አውሮፓም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኑር ኢናያት ካን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1943 ለእንግሊዝ የስለላ ክፍል ፈረንሳይ ገባች። ሬድዮዋን ይዛ ፓሪስ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረች መልእክት አስተላለፈች። በጥቅምት ተያዘች፤ ሰው ነው የጠቆመባት። በሚቀጥለው ዓመት ዳካው ካምፕ ውስጥ ተገደለች። ያን ሁሉ መሣሪያ ይዛ የጣላት የሰው አፍ ነው።

ወሬ ራሱ መሣሪያ እንደነበረም አትርሱ። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እያስያዘ አስረሸነ። ለምን? የጣልያን መንግሥት ሊወድቅ ነው እያሉ ሕዝቡን ያነሳሳሉ ብሎ ነው። አንድ አዝማሪ ጠጅ ቤት ውስጥ ቅኔውን ሰምና ወርቅ አድርጎ፣ ሶላቶው ሰሙን እየሰማ ሲያጨበጭብ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ወርቁን ይዞ ሲወጣ። እኔ ይህን ትዕይንት ከመቶ የመኪና ማሳደድ እመርጠዋለሁ።

ሰዓቱንም ተጠቀሙበት። ጣልያን «ሦስት ሰዓት» ሲልና የእኛ ሰው «ሦስት ሰዓት» ሲል መካከሉ ስድስት ሰዓት ነው። ቢሮ የሚሠራው ሰላይ ሁለት ሰዓት በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ቢሳሳት ጦር ያልቃል።

ርቀትንና ክረምትን መርሳት

ከአዲስ አበባ የወጣ መልእክት ጎጃም በማግሥቱ አይደርስም። ክረምት ከሆነ ዓባይ ሞልቷል። ሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ሲነሱ ካከሸፏቸው ነገሮች መካከል ዝናቡ፣ ወንዙና መልእክት መለዋወጥ አለመቻላቸው ነበሩ። አንዱ ጦር ገብቶ ሲዋጋ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 22፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። መልእክቱ በመዘግየቱ ብቻ የሚሞት ሰው በልቦለዳችሁ ውስጥ ይኑር።

ሰውን በትውልድ ቦታው መፍረድ

ኤርትራዊው ሁሉ አስካሪ (በጣልያን ጦር ውስጥ ያለ የቅኝ ግዛት ወታደር)፣ አስካሪው ሁሉ ከሃዲ ሆኖ የሚቀርብበት ታሪክ ሰልችቶኛል። ውሸትም ነው። አብርሃና ሞገስ ከየት ነበሩ? ሎሬንሶ ታእዛዝስ? ኤርትራ ተወልዶ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረ፣ ከነጻነቱ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት በድብቅ ጎጃም ገብቶ የአርበኞቹን ሁኔታ አጥንቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከጣልያን ጦር ከድተው አርበኞችን የተቀላቀሉ አስካሪዎችም ብዙ ናቸው። የሸፈተ ሹምባሽ (የአስካሪዎች አለቃ) አርበኞች መሀል ሲገባ ማን ያምነዋል? ለስንት ወር ነው ጠመንጃውን ነጥቀው የሚያስተኙት? ይህ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ነው።

ታሪኩን ሚያዝያ 27 ላይ መዝጋት

ባንዲራ ወጣ፣ ፍቅረኞቹ ተቃቀፉ፣ አለቀ። በ1933 ዓ.ም. ግን ለውስጥ አርበኛው ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። አምስት ዓመት ባንዳ ሲባል የኖረ ሰው ውስጥ አርበኛ እንደነበርኩ እወቁልኝ ሊል ነው። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ተሰቅሏል። ወረቀት የለም፤ ወረቀት መያዝ ያስገድል ነበርና። በሌላ በኩል የእውነት ባንዳ የነበሩ ሰዎች የተማሩ ናቸው፣ ሥራ ያውቃሉ ተብሎ ሹመት አግኝተዋል። የጎጃሙ ጀግና በላይ ዘለቀ ደግሞ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ።

እጮኛዋን ባንዳ ነው ብላ ትታ ሌላ ያገባችው ሴትስ? እውነቱን ሲነግራት ታምነዋለች? ብታምነውስ አሁን ምን ታደርጋለች? ልጅ ታቅፋለች፣ ባሏ ደግ ሰው ነው። እኔ ብጽፈው መጽሐፉን የምጀምረው ከዚህ ነው።